ሠላሳ አምስት ቀን በእህቴ ፊት ላይ

እሑድ፣ ለጊ

ቀኑ ተቆረጠ። የዛሬ ሠላሳ አምስት ቀን፣ እሑድና ከአምስቱ ተራ የገበያ ቀኖች አንዱ የሆነው ለጊ እንደገና አንድ ላይ ሲውሉ፣ ታናሽ እህቴ ኪናሲህ ታገባለች። የሙሽራው የጋሊህ ሽማግሌዎች ሙዝና የተቀቀለ ሩዝ ይዘው መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ነገሩን ግን ሲነሱ በአንድ አፍ ጨረሱት። ከሠርጉ አራት ቀን በኋላ የሱሮ ወር ይገባል፣ በሱሮ ደግሞ ማንም አይዳርም። ስለዚህ ቀኑ ወዲህም ወዲያም አይልም።

ሻዩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ፈገግ ብዬ ነው ያቀረብኩት፤ ይህ ይጻፍልኝ።

ኪናሲህ ከዛሬ ጀምሮ ከግቢ አትወጣም፣ ሙሽራ ናት። የሽማግሌዎቹ ጫማ ከደጅ ሳይነሳ እናቴ ስለ ሉሉሩ፣ ቆዳ ስለምናሽበት የሩዝና የእርድ ዱቄት፣ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። "ዉርያኒ፣ ሩዙንና እርዱን እኔ አዘጋጃለሁ። መፍጨቱ፣ መንፋቱና ማሸቱ ያንቺ ነው። ሉሉር ላይ ካንቺ እጅ የተሻለ እጅ በዚህ ሰፈር የለም" አሉኝ። እጄ ሲመሰገን ሁልጊዜ ፊቴ ትዝ ይለኛል።

እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እሷ ሃያ አራት። ታናሽ ታላቋን ተሻግራ ስታገባ፣ በዋዜማው እግሯ ሥር ተንበርክካ ፈቃድ ትጠይቃለች። ታላቂቱም የመሻገሪያ ስጦታ ትጠራለች፣ ያሻትን። አክስቴ ሱሚ ከወዲሁ ጀምራኛለች፦ "ወርቅ ጥሪ እንጂ፣ ሞኝ አትሁኚ! በየዓመቱ የሚሻገርሽ አታገኚም!" ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከአንገት በላይ ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ዋጌ

የመጀመሪያው እሽት።

በመስኮታችን ሉሉር ሊገዛ ለሚመጣ ሁሉ የእናቴ ሕግ አንድ ነው፤ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ፍጪ። ቆዳሽ ወዛም ነው ደረቅ? ብጉር አለሽ? ሌላ የምትቀቢው ነገር አለ? እንደኔ ወዛም የሆነ ፊት በሳምንት ሁለቴ ቢታሽ ይችለዋል። ደረቅና ስስ የሆነ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል፣ ያውም በላመ ዱቄትና በጣት ጫፍ፤ የሞተው ቆዳ በራሱ ይነሳል፣ ማስገደድ የለም። ብጉሩ ያመረቀዘ ፊት ጨርሶ አይነካም። ለክርንና ለተረከዝ የምንሠራው ሸካራው ሉሉር አንገት አልፎ አይወጣም። እንደኛ ጠይም ሰው ደግሞ ፊቱ አንዴ ከተቆጣ፣ ቁጣው በርዶ እንኳ ጥቁር ምልክቱን ትቶ ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው የተማርኩት።

የኪናሲህ ቆዳ የአባታችን ነው፣ አላህ ይዘንለትና። የእንቁላል ውስጠኛ ልባስ ይመስላል። እኔ የእናቴን ወዝ ወረስኩ፣ የአሥራ አምስት ዓመቴ ብጉርም ጉድጓዱን ትቶልኛል። በቀጭኑ ወንፊት ሁለቴ ነፋሁ፣ በጽጌረዳ ውኃ ለወስኩ፣ እንደ አራስ ልጅ አሸኋት። "ምባክ፣ እጅሽ እኮ እንቅልፍ ያመጣል" አለችኝ። በስሜ ብቻ ጠርታኝ አታውቅም፣ ሁሌም ምባክ ነው የምትለኝ፤ እህት ዓለም እንደማለት። ተኛችም። ተኝታም ታምራለች።

ዓርብ፣ ለጊ

አክስቴ ሱሚ ለጎረቤት ስትናገር በአጥር ሰማሁ። "ልጁ ስምንት ወር ሙሉ የእናቱን የፊት ዱቄት ሊገዛ ሲመላለስ ለማን መስሏችሁ ነው?"

ይሳቃሉ።

ለማን እንደመሰለኝ እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ክሊዎን

ጋሊህ መጣ። ሙሽራዋን ማየት ስለማይፈቀድለት በመስኮቱ ቆሞ ከኔ ጋር አወራ፣ እንደ ድሮው። እንደ ድሮው በግራ በኩል ነው የቆመው። ፀሐይ ሽሽት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እሱ ከሄደ በኋላ ወጥቼ ቦታው ላይ ቆምኩ። ከዚያ ሆኖ ግቢው ወለል ብሎ ይታያል፣ ኪናሲህ ጠዋት ጠዋት የምትጠርገው።

"እናትህ እንዴት ናቸው? ዱቄቱ ተስማማቸው?" አልኩት።

"ኧረ በጣም፣ ምባክ! አንቺ ያልሽውን ብቻ ነው የሚያደርጉት። ምባክ ዉርያኒ ካላለች ውኃም አልነካ ይላሉ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሷስ? ደህና ናት? ፊቷን እያሳመርሽው ነው አሉ" አለኝ።

ምባክ አለኝ። ድሮ ዉር ነበር የሚለኝ።

ፊቴን ወደ ወንፊቱ አዞርኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምን አገባኝ።

ዓርብ፣ ፖን

ጠዋት የሻይ ስኒ ላነሳ ወደ ኪናሲህ ክፍል ገባሁ። ተኝታለች። መስታወቱ ሥር፣ ከማበጠሪያው አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቆማለች። ጓደኛዋ ሳታመጣላት አትቀርም፣ ሰሞኑን ቦርሳዋን አቅፋ ሹክሹክ ሲሉ ነበር። አነሳኋት። የፍራፍሬ አሲድ ይላል። ማታ ማታ ይቀባል፣ አሮጌ ቆዳ ያራግፋል፣ ፊት ከሚፈትግ ከማንኛውም ነገር ጋር አይሁን፣ ለስስ ቆዳ ጥንቃቄ ይደረግ። ከፍቼ አሸተትኩ። ኮመጠጠኝ። ሩብ ያህሉ ጎድሏል።

ጽሑፏን እንደነበረች ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀመጥኳት።

ሕፃን አይደለችም። ማንበብ ትችላለች። ምክር ብትፈልግ ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ የሰው ዕቃ መበርበር አልወድም። ለእናቴ ብናገር በሠርጓ ሰሞን ልታስለቅሻት ነው ይሉኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፣ ይህ ተረት ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ፓሂንግ

ፊቷ አበራ። እውነቴን ነው። ጉንጯ ቀላ ብሎ ያንፀባርቃል፣ የሚመጣ ሁሉ አፉን ይይዛል። አክስቴ ሱሚ አገጬን ጨብጣ "ይቺ እጅሽ! ለራስሽም ብትሠሪባት ምን አለበት?" አለችኝ፣ በቀልድ።

እንዲህ ያለ ብርሃን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቆዳው ሳስቷል። ሊላጥ ያለ ቆዳ ከመላጡ በፊት አንድ ሰሞን እንዲህ ያምራል።

ተራዋ ነገ ነበር፣ ዛሬ አሸኋት። ነገ ሥራ ይበዛብኛል። "ምባክ፣ ዛሬ ትንሽ ይለበልበኛል" አለችኝ።

"እርዱ ነው" አልኳት።

ሐሙስ፣ ዋጌ

ቸኩያለሁ። የሠርጉ ሉሉር ለዘመዶች ጭምር ታዟል። ስፈጭ ዋልኩ። ጋሊህ በመስኮት የጃስሚን አበባ ላከላት፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ። ያቀበልኳት እኔው ነኝ። አሸተተችና አቀፈችኝ። ፊቷ ፊቴን ሲነካ ይግል ነበር።

ወደ መፍጫዬ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ክሊዎን

እንደገና አሸኋት። በሳምንት ሁለተኛዬ ነው፣ አውቃለሁ። ራሷ "ቶሎ ቶሎ አድርጊልኝ፣ ጊዜው እያለቀ ነው" ብላ ለመነችኝ እንጂ። ቀጭኑ ወንፊት ታጥቦ አልደረቀም ነበርና በሌላው ነፋሁ። አጥብቄም አላሸሁም።

በጣም አጥብቄ አላሸሁም።

ቅዳሜ፣ ለጊ

ጎህ ሲቀድ ጩኸቷ ቀሰቀሰኝ። ሁለቱም ጉንጮቿ ተልጠዋል። በግራ በኩል ውኃ ቋጥሯል፣ ዓይኗ ሥር አብጧል። በነጠላ ሸፍናው "ምባክ፣ ምን ሆንኩ? ምን ሆንኩ?" ትላለች። እናቴ ሮጠው መጡና ነጠላውን ገለጡት። ቀስ ብለው መልሰው ሸፈኑት።

እሑድ፣ ፓሂንግ

ሙሽራ የሚያሰማምሩት ቡ ታርሚ ዛሬ ጠዋት መጡ። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ ግንባር በጥቁር ቅብ የሳሉ እሳቸው ናቸው። ፊቷን በመስኮት ብርሃን ወዲያና ወዲህ አዟዟሩ።

"በተላጠ ቆዳ ላይ ቅብም ዱቄትም አላሳርፍም። ብትከፍሉኝም፣ ብታለቅሱም። እስከ ቅዳሜ ሳምንት ካልከደነ ቀኑን ተዉት።"

"ቡ ታርሚ፣ ሱሮ እኮ ነው የሚገባው" አሉ እናቴ።

"ሱሮ እንደሚገባ አንቺ አትነግሪኝም። ምንድነው ያደረጋችሁባት?"

እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። መክፈቴን አስታውሳለሁ። እናቴ ግን ቀደሙኝ፦ "ጥፋቱ የኔ ነው። ዘንድሮ የገዛሁት እርድ ቀለሙ ደስ አላለኝም ነበር፣ ዝም ብዬ ደባለቅኩት። እጄ አርጅቷል።" ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁ። ቡ ታርሚ ከሄዱ በኋላ የእርዱን ቅርጫት ተሸክመው ወጥተው ወንዝ ውስጥ ደፉት። ውኃው ለአፍታ ቢጫ ሆነ።

እርዱ ጥሩ ነበር። የፈጨሁት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን አሟቸው ተኙ።

ማክሰኞ፣ ዋጌ

ጤና ጣቢያ ሄድን፣ እኔና እሷ፣ ፊቷን ተሸፋፍና በጀርባ በር። ነርሷ "ምን ተቀባሽ?" አለቻት።

ኪናሲህ አየችኝ። "ሉሉር ብቻ" አለች።

ነርሷ ቅባት አዘዘችላት፣ ወረቀቱን እኔ ተቀበልኩ። ወጣን። መንገድ ተሻግረን የሩዝ መደብሩ ጋ ስንደርስ ጃንጥላዬን ረሳሁ ብዬ ተመለስኩ። ጃንጥላዬ በእጄ ነበር። ነርሷን "አሲድም አለበት፣ የፍራፍሬ፣ ማታ ማታ ትቀባ ነበር" አልኳት።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት" አልኩ።

ነርሷ ልጅ ናት ግን ጨካኝ ዓይን አላት። "ይኼን ባትነግሪኝ ኖሮ የሰጠኋት ቅባት ራሱ ያቃጥላት ነበር" ብላ ወረቀቱን ቀደደችና ሌላ ጻፈች። ሁሉም ነገር ይቁም። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ትታጠብ፣ ሳይፈተግ በጨርቅ ይድረቅ፣ ከዚያ ቫዝሊን፣ ስስ አድርጎ። ፀሐይ አያግኛት። ቅርፊቱን ላንሳ ብሎ የነካው ሰው እጁ ይቆረጥ፣ አለችኝ።

ዓርብ፣ ፓሂንግ

ከሥራ ሁሉ ከባዱ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው። ጠዋት ውኃ፣ ጨርቅ፣ ቫዝሊን። ማታም ያው። ቅርፊቱ ጠርዝ ጠርዙን እየተነሳ ነው፣ ጣቴ ይበላኛል። አልነካሁትም።

ጋሊህ ሰምቶ መጣ። ማን እንደነገረው እንጃ፣ በዚህ ሰፈር የማይሰማ የለም። በግራ በኩል አልቆመም ዛሬ፣ ፊት ለፊቴ ቆመ። "ንገሪልኝ፤ ፊቷ የኮኮናት መፈቅፈቂያ ቢመስልም እሑድ እመጣለሁ። ካፈረች ነጠላ ለብሳ ትምጣ፣ እኔም እለብሳለሁ በያት" አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

ነገርኳት። ልትስቅ ስትል ጉንጯ ሳባትና አለቀሰች። እኔ ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ፊቷ ተልጦ እንኳ የሚወዳት አላት። የኔ ከተላጠ አሥራ ሰባት ዓመቱ። ይህን መጻፍ ነውር ነው፣ ግን ያሰብኩት ይህን ነው።

እሑድ፣ ዋጌ

ቫዝሊኑን ስቀባት ዓይኗን ጨፍና ነበር። እንደጨፈነች "ምባክ፣ ያን ቀን ነቅቼ ነበር" አለችኝ።

"የትኛውን ቀን?"

"ብልቃጧን ያነሳሻት ቀን። ሆን ብዬ ነው መስታወቱ ሥር ያቆምኳት። ልጠይቅሽ ፈርቼ። ትቆጪኛለሽ ብዬ። እንዲያውም 'ይሄን ቆሻሻ ወዲያ ጣዪ' ብለሽ እንድትጮኺብኝ እየጠበቅኩ ነበር። አነበብሻት፣ አሸተትሻት፣ መልሰሽ አስቀመጥሻት። እኔም ምባክ ዝም ካለች ችግር የለውም ማለት ነው አልኩ። ቆዳ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?"

ጣቴ ጉንጯ ላይ ቀረ።

"ለእማም ለነርሷም አልተናገርኩም" አለች። "ምን ብዬ እናገራለሁ? ምባክ አይታ ነበር ልበል?"

እንደ ወቀሳ አልነበረም አነጋገሯ። ወቀሳ ቢሆን እመልስላት ነበር። ቀብቼ ጨርሼ ክዳኑን ገጠምኩ። ሁለቴ ነው የገጠምኩት።

ረቡዕ፣ ፓሂንግ

ቅርፊቱ ረግፏል። ከሥሩ አዲስ ቆዳ አለ፣ ስስና ለጋ። በቀኝ በኩል ንጹሕ ነው። በግራ ጉንጯ ላይ የአውራ ጣት አሻራ የሚያህል ጥቁር ምልክት ቀርቷል። ለወራት አይጠፋ ይሆናል። ቡ ታርሚ አዩና "ከድኗል። ቀኑ እንዳለ ይሁን" አሉ። ምልክቱን በጣታቸው ሳይነኩ እያዩ "ልሸፍነው እችል ነበር፣ ግን አልነካውም። ከቆዳ ጋር እልህ አይያዙም" አሉ። ሲሉ ያዩት እኔን ነው፣ ወይም መሰለኝ።

እናቴ ግን መስኮቱን ከከፈቱ አሥር ቀን ሆናቸው። ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ "አቁሜአለሁ፣ እጄ ከድቶኛል" ብለው ይመልሳሉ። አርባ ዓመት የፈጩበትን ድንጋይ በጆንያ ሸፍነውታል። ዛሬ በዚያ ሲያልፉ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየሁ።

አክስቴ ሱሚ መቼም አትተኛም፦ "ለዋዜማው ሦስት ቀን ቀረ! ወርቁን አሰብሽ ወይስ አላሰብሽም?"

ቅዳሜ፣ ክሊዎን

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ አስተካክዬ ነው የምጽፈው።

ከሙሽራዋ የዋዜማ ገላ መታጠብ ሥርዓት በፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ዘመድ ሁሉ ዙሪያውን ምንጣፍ ላይ። ኪናሲህ አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ በጉልበቷ እየሄደች መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች፣ እጆቿን ጉልበቴ ላይ፣ ግንባሯን እጆቿ ላይ አደረገች።

"ምባክ ዉርያኒ፣ ተሻግሬሽ ልሄድ ነውና ፈቃድሽን። የመሻገሪያሽን ጥሪ፣ የምችለውን እሰጣለሁ። ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ።"

ያስቀየምኩሽ ካለ። ቀና ስትል ምልክቱ ፊት ለፊቴ ነው።

ያሰብኩት ቡናማ ባቲክ ጨርቅ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "ወስጃለሁ" የሚል ነው።

"ምኑን?" አለች አክስቴ ሱሚ።

"መሻገሪያዬን። አስቀድሜ ከፊቷ ላይ ወስጃለሁ።" ከዚያ እናቴን ፈለግኩ፣ ከኋላ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጠዋል። "እማ፣ እርዱ ደህና ነበር። እጅዎም ደህና ነው። አሲዱን ገና ሲጀመር አይቼ ዝም ብያለሁ። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ በሸካራው ወንፊት ነፋሁ። ቀጭኑ ደርቆ ነበር።"

አንድ ሕፃን ብቻ ኬክ ይለምናል። እናቴ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ተነስተው ወደ ጓዳ ሲገቡ፣ ሄዱ፣ አበቃ አልኩ። ከጓዳ የሰማሁት ግን ጆንያ ሲሳብ ነው፣ ቀጥሎም ድንጋይ በድንጋይ ላይ።

ኪናሲህ አልተነሳችም። ፈቃድ ሳትሰማ መነሳት አትችልም። በሹክሹክታ "ምባክ፣ ጉልበቴ ደነዘዘ። እለፊ በይኝ" አለችኝ።

"እለፊ" አልኳት።

ማክሰኞ፣ ፖን

ተዳረች። ግንባሯ ላይ ጥቁሩ ቅብ፣ ጉንጯ ላይ የኔ ምልክት። ሁለቱም በሩቅ ይታያሉ። ጋሊህ አጠገቧ ሲቀመጥ ምልክቱን አየ፣ የራሱን ጉንጭ እዚያው ቦታ ላይ ነካ አደረገና ሳቁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ያን ጊዜም ቀናሁ። ቅናቱ ቶሎ የሚተወኝ አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ቀጭኑን ወንፊት ከምሰሶው አውርደው ወደ ክፍላቸው አስገቡት። "እስክነግርሽ ድረስ ትፈጫለሽ እንጂ አትነፊም። የሰው ፊት አትነኪም። መስኮቱ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ትጠይቂያለሽ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ዛሬ የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ስስ ፊት ያላት፣ ሠርግ የደረሰባት መሰለኝ፣ መዳፏን ጉንጯ ላይ አድርጋ። ቆዳሽ ደረቅ ነው አይደል አልኳት። አዎ አለች። ብጉር? የለኝም አለች።

"ሌላ የምትቀቢው ነገር አለ?"

"ኧረ ምንም" አለች፣ ፈጠን ብላ፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ።

እናቴ ከኋላዬ መፍጨት አቆሙ።

"ካለ ንገሪኝ" አልኳት። "አልቆጣሽም።"